ኮምፒውተር የጠረበው ጥርስ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሰሞኑን ወደዚህ የጥርስ ጥያቄ ገጽ የሚመጡት ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተከማችተዋል። የአንድ ቀን ጥርስ። ሐኪሙ ጥርሱን በትንሽ ካሜራ ያነሳል፣ ኮምፒውተር ላይ የጎደለውን ቅርጽ ያወጣል፣ ማሽኑ ከአንድ ትንሽ ብሎክ ላይ ይጠርበዋል፣ ከዚያ በሙጫ ይለጠፋል። ብሎኩ ሴራሚክ ወይም ዚርኮኒያ የሚባለው በጣም ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ግን ስለ ኮምፖዚት ብሎክ ናቸው፤ ሬዚን (የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ዕቃ) ከደቃቅ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው፣ በጥርስ ሙሌት የምናውቀው ዓይነት ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምም አላወጣሁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሩት ካናል ተደርጎለት ከላዩ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ) ተሠራልኝ። በአንድ ቀን ስላለቀ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን እየበላሁ ሳለ ሙሉው ወለቀ። አልተሰበረም፣ አላመመኝምም። ክሊኒኩ ደውዬ ስጠይቅ ‹ሬዚን ያለው ሴራሚክ ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ነይና መልሰን እንለጥፈዋለን› አሉኝ። የተበላሸው ዕቃው ነው ወይስ ሥራው? መልሼስ ላስለጥፈው?»

እህቴ፣ እንኳን አልዋጥሽው። አስቸኳዩን ላስቀድም። ክራውኑን በንጹሕ ዕቃ አስቀምጪው፣ በዚያ ጎን አታኝኪ፣ በቀናት ውስጥ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስላላመመሽ አትዘናጊ፤ ሩት ካናል የተደረገለት ጥርስ ነርቭ ስለሌለው ቢጎዳም አይነግርሽም። ክፍት በቆየ ቁጥር ምራቅና ባክቴሪያ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ የቀረው የጥርስ ግድግዳም ሊሰነጠቅ ይችላል። በሱፐር ግሉ ራስሽ ለመለጠፍ እንዳትሞክሪ። አንዴ እሱ ከነካው ሐኪሙ በትክክል መልሶ ሊያስገጥመው አይችልም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዕቃውም ሥራውም ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ዕቃ ከሌሎቹ ይበልጥ የሥራ ጉድለትን አይምርም፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ብሎኩ ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ስለሚጠነክር አየር የያዘ ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሬዚኑም አፍ ውስጥ በብርሃን ከሚጠነክረው ሙሌት የበለጠ ተጣምሮ ያልቃል። ይህ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ያው ጥንካሬ ግን ችግሩንም ያመጣል፤ ተጣምሮ ያለቀ ሬዚን ከሙጫው ጋር በኬሚካል የሚያያዝበት ነፃ ቦታ እምብዛም አይተርፈውም። ስለዚህ የክራውኑ ውስጠኛ ገጽ በደንብ ሳይሻከርና ሳይዘጋጅ ከተለጠፈ፣ ሲለጠፍ የያዘ ይመስላል፣ ወራት ቆይቶ ይለቃል።

ሌላም አለ። ኮምፖዚት ይለጠጣል። የዕቃን ግትርነት የምንለካው በጊጋ ፓስካል ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕቃው ይበልጥ ይለጠጣል። ብዙዎቹ የኮምፖዚት ብሎኮች ከ10 እስከ 20 አካባቢ ናቸው፤ ከኢናሜል (ከጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ልባስ) በታች ያለው ዴንቲን በዚያው አካባቢ ነው፤ ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው ሴራሚክ ወደ 95 ይጠጋል፤ ዚርኮኒያ ደግሞ ከ200 ያልፋል። ለዴንቲን ቅርብ መሆኑ ጥሩ ይመስላል፣ ለከፊል ሽፋንም ጥሩ ነው። ሙሉ ክራውን ሲሆን ግን በነከስሽ ቁጥር ሽፋኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይተጣጠፋል፣ ጫናው ዳር ዳሩን ወዳለው ሙጫ ይሄዳል፣ ሙጫው በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ይደክማል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። 3ኤም የተባለው ኩባንያ ላቫ አልቲሜት የሚባል ብሎክ ነበረው፤ 80 በመቶ የሚሆነው ክብደቱ የሴራሚክ ብናኝ የሆነ ኮምፖዚት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያው ራሱ ይህ ብሎክ ለክራውን እንዳይውል መመሪያውን ቀየረ። የሰጠው ምክንያት ክራውኖቹ ከተጠበቀው በላይ እየወለቁ መሆናቸው ነው። ለኢንሌይ (ጥርሱ ውስጥ ለሚገባ ቁራጭ)፣ ለኦንሌይ (የጥርሱን የመንከሻ ጉብታ ለሚሸፍን ቁራጭ) እና ለቬኒየር (ለፊት ጥርስ ስስ ሽፋን) ግን ፈቃዱ ቀጠለ። ያንቺ ክራውን ከዚያ ብሎክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሌሎች ብዙ ብሎኮች አሉ፣ አምራቾቻቸውም ለክራውን ይሆናሉ የሚሏቸው አሉ። ስለዚህ ክሊኒኩን የብሎኩን ስም ጠይቂ፣ አምራቹ ለመንጋጋ ክራውን ፈቅዶታል ወይ ብለሽም ጠይቂ። መብትሽ ነው፤ ፋይልሽ ላይም መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

አንድ ነገር ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ክራውኑን ገልብጠሽ ውስጡን ብርሃን ላይ እይው። ውስጡ ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ፣ ሙጫው ጥርሱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ የለቀቀው በክራውኑ በኩል ነው፤ ማለትም ውስጡ በደንብ አልተዘጋጀም። ሙጫው ተቆራርሶ ክራውኑ ውስጥ ከቀረ ደግሞ የለቀቀው በጥርሱ በኩል ነው፤ ያኔ ምራቅ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም የቀረው ጥርስ አጭር ሆኖ የሚይዘው አጥቷል። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ይለጠፍ ወይ? ክራውኑ ካልተሰነጠቀ፣ ሥሩ ላይ መበስበስ ከሌለ፣ የቀረው ጥርስም በቂ ቁመት ካለው፣ አንድ ጊዜ መልሶ መለጠፍ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ግን አሮጌው ሙጫ ተጠርጎ ውስጡ እንደገና መሻከር አለበት፤ ሙጫ ቀብተው ብቻ ሊመልሱት ከሆነ እምቢ በይ። ሁለተኛ ከወለቀ ግን ሦስተኛ አትሞክሪ። ሌላ ዕቃ ይሠራልሽ።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ

«ዶክተር፣ የላይኛው ትንሹ መንጋጋዬ ላይ የነበረው የድሮ ብረት ሙሌት ከጥርሱ አንድ ጎን ጋር ተሰብሮ ወጣ። አንዱ ክሊኒክ በብርሃን የሚጠነክረውን ተራ ኮምፖዚት እንሙላው አለኝ። ሌላው ደግሞ በኮምፒውተር የሚጠረበው ይሻላል አለኝ፣ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተበድሬም ቢሆን የተሻለውን ላሠራ?»

ወንድሜ፣ አትበደር። ቢያንስ የተሰበረው ስንት እንደሆነ ሳታውቅ አትበደር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አፍ ውስጥ የሚሞላው ኮምፖዚት በብርሃን ሲጠነክር ከይዘቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ጉድጓዱ ትልቅ ሲሆን ይህ መኮማተር ሙሌቱን ከጥርሱ ግድግዳ ሊያስለቅቅ ወይም የቀረውን ቀጭን ግድግዳ ሊስብ ይችላል። ሐኪሞች በንብርብር የሚሞሉት ለዚህ ነው። የተጠረበው ግን መኮማተሩን ፋብሪካ ጨርሶ ስለሚመጣ አፍ ውስጥ የሚኮማተረው ቀጭኑ ሙጫ ብቻ ነው። ከጎን ጥርስ ጋር የሚነካካበትን ቦታም ኮምፒውተር ላይ አስተካክሎ ማውጣት ይቻላል፤ ሥጋ በበላህ ቁጥር እንጨት ይዘህ የምትፈልግ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል፣ የተጠረበው ቁራጭ ሳይቀረቀር እንዲገባ ሐኪሙ የጉድጓዱን ግድግዳ ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ መቅረጽ አለበት። ይህ ማለት ጤነኛ ጥርስ ይነሳል። በአፍ ውስጥ የሚሞላው ይህን አይፈልግም። በአፍ ውስጥ የተሞላ ኮምፖዚትንና ከአፍ ውጭ ተሠርቶ የተለጠፈ ኮምፖዚትን ያወዳደሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩም በዕድሜያቸው ግልጽ የሆነ ልዩነት አልታየም። ብዙ ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ ብዙ ዓመት አይቆይም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይኸው። ጥርስህ ውስጥና አንድ ጎኑ ብቻ ከጎደለ በጥንቃቄ የተሞላ ተራ ኮምፖዚት ይበቃሃል። የሚነክሰው ጉብታ ራሱ ከሄደ፣ ወይም ከቀረው ግድግዳ አንዱ ቀጭን ሆኖ ከተሰነጠቀ፣ ያኔ ከላይ የሚሸፍን ኦንሌይ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እሱም ኮምፖዚት ወይም ሴራሚክ ሊሆን ይችላል። የትኛውንም ብትመርጥ አንድ ጥያቄ ለሁለቱም ክሊኒክ አቅርብ፦ ሲሠራ ራበር ዳም የሚባለው የጎማ መከለያ ይደረጋል ወይ? ኮምፖዚት፣ በማሽን ይጠረብ በእጅ ይሞላ፣ ምራቅ ከነካው አይይዝም። በደንብ ከልሎ፣ አድርቆ፣ ጊዜ ወስዶ የሚሠራ ሐኪም ማሽኑ ባይኖረውም እሱ ጋ ሂድ።

ከአንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ

«ዶክተር፣ ግራ ገባኝ። አንዱ ጥናት ከ95 በመቶ በላይ በቦታው ይቆያል ይላል፣ ሌላው በዓመቱ ወለቀ ይላል። ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚያወሩት? የትኛውን ልመን? ስለ ማጣበቁም በዝርዝር ብትጽፍልን።»

ጎበዝ፣ ሁለቱንም እመን። ግን ቁጥሩን ብቻ አትያዝ፤ ምን ላይ፣ በምን ቅርጽ፣ እንዴት ተለጥፎ የሚለውን አብረህ ያዝ።

ሦስት ጥናቶች ልስጥህ። ጀርመን ውስጥ ቪታ ኢናሚክ በሚባለው ብሎክ ኢንሌይና ከፊል ሽፋን ተሠርቶ 3 ዓመት ተከታተሉት፤ ኢንሌዩ 97.4 በመቶ፣ ከፊል ሽፋኑ 95.6 በመቶ በቦታው ተገኘ። ኢናሚክ ግን ተራ ኮምፖዚት አይደለም። በክብደት 86 በመቶው እርስ በርሱ የተያያዘ ሴራሚክ ነው፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ 14 በመቶ ፖሊመር ሰርጎ ገብቷል። በቤልጂየም ሌቨን ደግሞ በኮምፒውተር የተሠሩ ሙሉ የኮምፖዚት ክራውኖችን ከሴራሚክ ክራውኖች ጋር አወዳደሩ። በ3 ዓመት ኮምፖዚቱ 87.9 በመቶ ተረፈ፣ ሴራሚኩ 97.2 በመቶ። ያለ ምንም ችግር የቆየውን ብቻ ስትቆጥር ግን ኮምፖዚቱ 55.6፣ ሴራሚኩ 81.2 ነው። ሦስተኛው ከኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ነው። የላቫ አልቲሜት ክራውን በኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ላይ፣ በዚርኮኒያ መያዣ ላይ ተለጠፈ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 80 በመቶው ለቀቀ።

ከ97 ወደ 20 የወረድነው በአንድ ምክንያት አይደለም። ኢንሌይ ዙሪያውን በጥርስ ታጥሮ ይቀመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳሩ ኢናሜል ነው፣ ኢናሜል ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ይይዛል። ሙሉ ክራውን ኢናሜሉ ተጠርቦ ዴንቲን ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ እንዳልኩትም ይተጣጠፋል። ዚርኮኒያ መያዣ ላይ ሲሆን ከላይም ከታችም ለመያዝ የሚያስቸግር ገጽ ነው፣ አንዱ ይለጠጣል ሌላው ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ ሙጫው መሐል ላይ ተቀጣ። የሌቨኑ ጥናት ላይ ያለውን ልዩነትም አስተውል። ጥርሱ አፍ ውስጥ አለ ማለትና ያለ ችግር አለ ማለት አንድ አይደለም። ማስታወቂያ ላይ የምታየው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ወረቀት ስታነብ መጀመሪያ ይህን ፈልግ።

ብዙ ልምድ ያለው አገር ማየት ከፈለግህ ወደ ጃፓን ተመልከት። እዚያ የመንግሥት የጤና መድን ለዓመታት የሚከፍለው ፓላዲየም ላለበት የብረት ክራውን ነበር፤ የፓላዲየም ዋጋ ደግሞ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ መድኑ በኮምፒውተር ለሚጠረብ የኮምፖዚት ክራውን በትንንሾቹ መንጋጋዎች ላይ መክፈል ጀመረ። በ2017 መጨረሻ በቅድመ ሁኔታ ወደ ታችኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ፣ በ2020 ደግሞ ወደ ፊት ጥርሶች ሰፋ። ከዚያ የወጡት የጃፓን ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚሉት አንድ ነገር ነው። ዋናው ችግር ስብራት አይደለም፣ መውለቅ ነው፤ የወለቀውም ብዙውን ጊዜ ሳይሰበር ስለሚወልቅ ተመልሶ ይለጠፋል። የእኔ አቋም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ከዕቃው በፊት ማጣበቁን ተማር።

ማጣበቁን በዝርዝር ብለሃል። በሬዚን ውስጥ ብናኝ የተበተነባቸው ብሎኮች ውስጣቸው በ50 ማይክሮን የአሉሚና ብናኝ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሜጋ ፓስካል፣ ሳንድብላስት ይደረጋሉ፤ ብናኙ በአየር ይነፋባቸዋል ማለት ነው። ግፊቱን ከፍ ካደረግህ ገጹን ትጎዳዋለህ። ከዚያ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሳይሌን (ብናኙን ከሙጫው ጋር የሚያያይዝ ኬሚካል) ያለበት ፕራይመር፣ ማለትም ከሙጫው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ፣ ይቀባል፣ ሬዚን ሲሚንት በሚባለው ሙጫ ይለጠፋል። ኢናሚክ የተለየ ነው፤ ሴራሚኩ የተያያዘ ስለሆነ በ5 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ60 ሰከንድ ያዘጋጁታል። ለሁሉም ብሎክ አንድ መንገድ የሚጠቀም ክሊኒክ ስታይ ተጠራጠር፣ የአምራቹን መመሪያ ከሳጥኑ አውጥተህ አንብብ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ቁራጩ አፍ ውስጥ ተሞክሮ ምራቅና ደም ነክቶት ይወጣል፤ ሳንድብላስቱ መምጣት ያለበት ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው። ቀድሞ ላብራቶሪ ውስጥ ተደርጎ፣ አፍ ውስጥ ተሞክሮ፣ በውኃ ታጥቦ ብቻ ከተለጠፈ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ቴክኖሎጂው ራሱ አዲስ እንዳይመስልህ። ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቬርነር ሞርማን በወንበር አጠገብ ማሽን የተሠራ የመጀመሪያውን ኢንሌይ የለጠፈው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፣ ያኔ ከሴራሚክ። የኮምፖዚት ብሎክ የመጣው በ2000 አካባቢ ነው። ዛሬ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ብሎኮች ግን ከ2011 ወዲህ የመጡ ናቸው፣ ክትትላቸውም በአብዛኛው ከ5 ዓመት አይዘልም። ስለዚህ «15 ዓመት ይቆያል» የሚልህ ሻጭ ካለ ጥናቱን አሳየኝ በለው።

ከአዳማ

«ያደግሁት ወንጂ ነው። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው፣ አንዳንዱም ጎድጎድ ብሏል። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስስቅ እጄ ሳላውቀው አፌ ላይ ይሄዳል። በኮምፒውተር የሚሠራ የኮምፖዚት ቬኒየር ይያዝልኛል? ቡና ግን አልተውም።»

እህቴ፣ ስንት የስምጥ ሸለቆ ልጅ በዚህ ሲሸማቀቅ እንዳየሁ! ጥፋቱ የጥርስ አለማጽዳት አይደለም፤ ይህን ለተማሪዎችሽም ንገሪያቸው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ቋሚ ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ፣ በግምት እስከ 8 ዓመት ድረስ፣ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ኢናሜሉ ተበላሽቶ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ካሉሽ የሚጠጡት ውኃ ላይ አስቢበት። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን ያከማቸዋል እንጂ።

ወደ ቬኒየሩ። ፍሎራይድ ያጠቃው ኢናሜል የላይኛው ቆዳ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ አሲድ ቶሎ አይበላውም፤ ሙጫው የሚይዘው ደግሞ አሲዱ በሚከፍታቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ተራ ጥርስ ላይ የሚበቃው ዝግጅት ያንቺ ላይ ላይበቃ ይችላል፤ ሐኪሙ ገጹን በስሱ ማሻከር ወይም አሲዱን ረዘም አድርጎ ማቆየት ይኖርበታል። ይህን የሚያውቅ፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ጥርስ በየቀኑ የሚያይ ሐኪም ካገኘሽ ከዘመናዊ ማሽን ይበልጥብሻል።

የኮምፖዚት ብሎክ ለቬኒየር አንድ ጥሩ ነገር አለው። ሲጠረብ ዳሩ እንደ ሴራሚክ አይሸራረፍም፣ ስለዚህ ስስ ሆኖ መውጣት ይችላል፣ ከጥርስሽም ብዙ አይነሳም። ድክመቱ ውበቱ ላይ ነው። አብዛኛው ብሎክ አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ የፊት ጥርስ ግን አንገቱና ጫፉ አንድ አይደለም። ከዓመታት በኋላም አንጸባራቂነቱ ይቀንሳል፣ ገጹ ሲሻከር ቡናና እርድ ይይዛል። ተመልሶ ሊወለወል ይችላል፣ ያ እውነት ነው። እንደ ሴራሚክ ግን ብርሃኑን አይጠብቅም።

እኔ ብሆን ከጥርስ ማንሳት አልጀምርም። መጀመሪያ ማንጣት ይሞከር፣ ከዚያ ማይክሮአብሬዥን የሚባለው የላይኛውን ቀጭን ገጽ በአሲድና በደቃቅ ብናኝ ማሸት፤ ቀላልና መካከለኛ ቡናማነት በእነዚህ ብዙ ይለወጣል። የጎደጎዱት ቦታዎች በተራ ኮምፖዚት ይሞሉ። ይህ ሁሉ ካላረካሽ ቬኒየር ይምጣ፤ ያኔ አቅሙ ካለሽ ሴራሚክ፣ ካልሆነ ኮምፖዚት። ቡናሽን ጠጪ። ጠጥተሽ ስትጨርሺ በውኃ ተጉመጥመጪ፤ በዓመት አንዴም ለመወልወል ብቅ በይ።

ከሪያድ

«ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ሴራሚክ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። ኮምፖዚት ለስለስ ስለሚል ይሻለኛል ይሉኛል።»

በከፊል ልክ ናቸው። ኮምፖዚት ከላይ ያለውን ጥርስህን አይበላም፣ በድንገት ከመሰባበር ይልቅ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ሲያልቅም መጨመር ይቻላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥናቶች እንዳንተ ጥርስ የሚያፋጩ ሰዎችን ከመጀመሪያው ያስወጣሉ፤ ከላይ ለተማሪው የጻፍኩት 97 በመቶ ያንተ ቁጥር አይደለም። ሙሉ ክራውን ከሆነ የመውለቁ ስጋት ላንተ ይበልጣል። ዳሩ ኢናሜል ላይ ያረፈ ኦንሌይ ከሆነ እስማማለሁ። ከሁሉም በፊት ግን የሌሊት መከላከያ ፕላስቲክ ይሠራልህ፣ አለዚያ ምንም ዕቃ አይበረክትልህም።

ከፍራንክፈርት

«አሁን ደግሞ በ3ዲ ፕሪንተር የሚታተም ክራውን መጥቷል። ርካሽ ነው። ከተጠረበው በምን ያንሳል?»

በብዙ ነገር። ለማተም ፈሳሽ መሆን ስላለበት ብዙውን ጊዜ ከተጠረበው ብሎክ ያነሰ ብናኝ ይይዛል፤ በላብራቶሪ ፈተናም በአብዛኛው ጥንካሬው ያንሳል፣ ቶሎ ይበላል። ከታተመ በኋላ በትክክል ካልታጠበና በብርሃን ካልጠነከረ ደግሞ ያልተጣመረ ሬዚን ይቀርበታል። ለጊዜያዊ ክራውን በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም እመክረዋለሁ። ለቋሚ ግን አፍ ውስጥ የተደረገው ክትትል ገና አጭር ነው፤ መንጋጋዬ ላይ በቋሚነት ይሁን ብትለኝ አሁን አልልህም።

ከነታንያ

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ከአራት ዓመት በፊት በማሽን የተሠራ ኮምፖዚት መንጋጋዬ ላይ አለ። ባለፈው ቆሎ ስቆረጥም ጠርዙ ተሸረፈ። የልጄ ሐኪም ሙሉውን አንስቶ አዲስ ይሥራ አለ። ጥርሴ አያመኝም። ወጪው ከበደኝ።»

እናቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሙሉውን ለማንሳት አይቸኩሉ። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ እዚያው አፍዎ ውስጥ ሊጠገን ይችላል። ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ ጥገናው አስቸጋሪ ነበር፤ ኮምፖዚት ግን ከኮምፖዚት ጋር ይያያዛል። ሐኪሙ የተሸረፈውን ቦታ ያሻክረዋል ወይም በአፍ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ሳንድብላስት ይነፋዋል፣ ፕራይመርና ሙጫ ይቀባዋል፣ ተራ ኮምፖዚት ጨምሮ በብርሃን ያጠነክረዋል፣ ይወለውለዋል። ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ እንኳን አያስፈልግም፣ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል።

ሙሉው ይነሳ የሚባለው ሦስት ነገር ከታየ ነው። ከሥሩ መበስበስ ካለ፣ ስንጥቁ ወደ ጥርሱ ራሱ ከሄደ፣ ወይም ሽፋኑ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ። ሐኪሙ ራጅ ያንሳልዎት፣ ከዚያ «ከሦስቱ የትኛውን አየህ?» ብለው ይጠይቁት። አንዱንም ካላየ መጠገን ይቻላል ይበሉት። እምቢ ካለ ደግሞ ሌላ ሐኪም ያማክሩ፤ ሲሄዱም የብሎኩን ስም ከድሮው ፋይልዎ አስወጥተው ይያዙ፣ ሐኪሙ በምን ፕራይመር እንደሚይዝ የሚያውቀው በዚያ ነው። ቆሎውን እስኪጠገን ድረስ በሌላኛው ጎን ያኝኩ።